ልጅን ላቲን ማናገር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ቤት?

ላቲን ለልጁ ለማስተማር የተነሳ ወላጅን መጀመሪያ የሚያደክመው ላቲኑ አይደለም፤ ምክሩ ነው። አንዱ "የሰዋስው ሰንጠረዡን በቃሉ ይያዝ፣ ንግግሩ ኋላ ይመጣል" ይላል። ሌላው "ከልጁ ጋር በላቲን ብቻ አውሩ፣ ሌላ ቋንቋ አታስገቡ" ይላል። አንዱ አፕ ያስወርዳል። ሌላው በስክሪን የሚያስተምር መምህር ይጠቁማል። ማንም ምስክር አያጣም። ምስክሩ ግን የሚያወራው ስለ ራሱ ልጅና ስለ ራሱ ቤት ነው።

እዚህ የማወዳድረው ለአንድ ዓላማ ብቻ ነው፦ ልጁ በላቲን እንዲያወራ። ሰላም እንዲል፣ ውሃ እንዲጠይቅ፣ "አላውቅም" እንዲል፣ በእህቱ ላይ እንዲያሾፍ። ግባችሁ የጥንት ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ከሆነ ምርጫው መልኩን ይቀይራል፤ ቦታው ሲደርስ እጠቁማለሁ።

ላቲን ይወራል እንዴ? ይወራል። በላቲን አፉን የፈታ ሕዝብ ዛሬ የለም። ሆኖም የፊንላንድ ራዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2019 በየሳምንቱ በላቲን ዜና ያሰራጭ ነበር። ቫቲካንም ለዘመኑ ነገሮች የላቲን መዝገበ ቃላት አሳትማለች። ኮምፒውተር ኮምፑታትሩም ይባላል፣ እግር ኳስ ደግሞ ፔዲሉዲዩም። ነገሩ ወላጅን የሚያጽናና ጎንም አለው። ዛሬ ላቲን የሚያስተምር ሰው ሁሉ ራሱ ተምሮት ነው፤ አንድ ሕዝብ ሲያወራው ሰምቶ ያደገ የለም። እናንተን ከመምህሩ የሚለያችሁ ዘግይቶ መጀመር ብቻ ነው።

የላቲኑን ቃላት በፊደል ጽፌአቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ ደግሞ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው። ፊደላችን ለላቲን ከሚጠበቀው በላይ ይመቻል። ውሃ አኳ ነው፣ ምላስም ቋንቋም ሊንጓ ነው። ኳና ጓ አንዳንድ ፊደል አላቸው፤ የላቲን ጽሕፈት ግን ሦስት ሦስት ፊደል ይፈጅባቸዋል።

## መለኪያው

ዘዴዎቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ። እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ልጁ የራሱን ዓረፍተ ነገር መቼ ይናገራል? በቃሉ ያጠናውን ማለቴ አይደለም። እሱ ያሰበውን፣ እሱ የፈለገውን።

ሁለተኛ፣ ከአዋቂው ምን ያህል ላቲን ይጠይቃል? ለኔ ከሁሉም የሚከብደው መለኪያ ይሄ ነው። ብዙ የዘዴ ክርክር ይህችን ጥያቄ ዘሎ ነው የሚጀምረው። አዋቂው አቀላጥፎ የሚናገርበት ቤትና አዋቂው ከልጁ በአንድ ገጽ ብቻ የሚቀድምበት ቤት አንድ ዘዴ አይበቃቸውም።

ሦስተኛ፣ ትርጉሙ ልጁ ጋ በየትኛው ቋንቋ ይደርሳል? በአፍ መፍቻው ካልሆነ በማን? አብዛኛው የልጆች የላቲን መጽሐፍና አፕ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስረዳው። በአማርኛ የሚያስብ ልጅ እንዲህ ሲማር ሁለት ወንዝ ነው የሚሻገረው። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ልጄ ፑኤላ ("ልጅት") የሚለውን አታስታውስም፤ የእንግሊዝኛ ፍቺውን ግን ጥርት አድርጋ ይዛዋለች። ለላቲን ያወጣሁት ጊዜ ለእንግሊዝኛ ዋለ።

አራተኛ፣ ስህተቱን ማን ያርመዋል?

አምስተኛ፣ ሲቋረጥ ምን ይተርፋል? ይቋረጣላ! ፈተና ይመጣል፣ ሕመም ይመጣል፣ መሰልቸት ይመጣል።

ወጪን ከዘዴዎቹ በኋላ ባለው ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ ትንሹ ወጪ ነው። ውዱ ነገር በየቀኑ አሥር ደቂቃ ማግኘት ነው።

## አማርኛ ቀድሞ የሠራልን ሥራ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምርጫውን የሚወስነው ይሄ ነውና።

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የላቲን መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚፈጁት እንግሊዝኛ ውስጥ የሌለውን ነገር ለማስረዳት ነው። ያንን ማብራሪያ ተርጉሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ መስጠት ጤነኛውን ልጅ መድኃኒት እንደ ማጠጣት ነው።

ግሱን ተመልከቱ። አሞ ማለት "እወዳለሁ" ነው። አንድ ቃል በቃ። "እኔ" የምትለዋ ግሱ ውስጥ ገብታለች። አማስ ትወዳለህ፣ አማት ይወዳል፣ አማሙስ እንወዳለን፣ አማቲስ ትወዳላችሁ፣ አማንት ይወዳሉ። የግሱ ጫፍ ባለቤቱን እንደሚናገር ለአማርኛ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሲናገረው ነው ያደገው። እንዲያውም ላቲን እዚህ ላይ ይቀላል። አማስ "ትወዳለህ"ም "ትወጃለሽ"ም ነው፤ አማት "ይወዳል"ም "ትወዳለች"ም።

ተሳቢውም እንደዚሁ። "ልጅቷ ውሻውን ትጠራለች" በላቲን ፑኤላ ካኔም ዎካት ነው። ካኔም ጫፍ ላይ ያለችው "ም" የኛን "ን" ሥራ ትሠራለች። ቃላቱን አገላብጡ። ካኔም ፑኤላ ዎካት፣ "ውሻውን ልጅቷ ትጠራለች"። ማን ማንን እንደጠራ አልተቀየረም፤ በአማርኛም በላቲንም። ግሱም ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ፑኤር ሊብሩም ሌጊት፣ "ልጁ መጽሐፍ ያነባል"፣ ቃል በቃል በቅደም ተከተሉ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን "አለኝ" ነው። ላቲን "መጽሐፍ አለኝ" ለማለት ኤስት ሚሂ ሊቤር ይላል። ኤስት አለ፣ ሚሂ ለእኔ፣ ሊቤር መጽሐፍ። ሚሂ ፕላኬትም እንዲሁ ነው፤ "ደስ ይለኛል" ነው የሚለው፣ አሠራሩ ሳይቀር።

ድምፁም አለ። ላቲን ማጥበቅና ማላላት ይለያል። አጌር ሲላላ እርሻ ነው፤ ገው ሲጠብቅ የአፈር ቁልል ይሆናል። "አለ" ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር መሆኑን ለሚያውቅ ልጅ ይህ ዜና አይደለም።

ወጥመዶችም አሉ፤ አልደብቅም። የኛ "ን" የምትመጣው ነገሩ ሲታወቅ ነው፤ "ውሻ አየሁ" ስንል የለችም። ላቲን ግን ታወቀም አልታወቀም ምልክቱን ያደርጋል። ለላቲን ጠረጴዛ ሴት ነው፣ መጽሐፍ ወንድ ነው፣ ድንጋይ (ሳክሱም) ደግሞ ሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ፆታ አለው። አናባቢ ማርዘምና ማሳጠር አማርኛ ውስጥ ትርጉም አይለይም፤ ላቲን ውስጥ ይለያል። ሊቤር "ሊ" ሲያጥር መጽሐፍ፣ ሲረዝም ነፃ ሰው ነው። "ራበኝ" እና "ጠማኝ" ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ ላቲን ኤሱሪዮ፣ ሲቲዮ ይላል፣ "እራባለሁ፣ እጠማለሁ" እንደማለት። በጥንቱ ላቲን ደግሞ "እርስዎ" የለም። ንጉሥም አያትም ቱ ናቸው፣ "አንተ"። ልጄ ይህን ባወቀ ቀን አያቱን ቱ ብሎ ሊጠራ እየተንደረደረ ሄደ። አያትየው ላቲን ባለማወቃቸው ተረፈ።

እንግዲህ ወደ ዘዴዎቹ።

## አንደኛው መንገድ፦ ሰንጠረዥ ማጥናት

ልጁ የላቲን ስሞችን እርባታ ይሸመድዳል፦ ሮሳ፣ ሮሳም፣ ሮሳይ፣ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ይተረጉማል። ማብራሪያው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው።

ለንግግር ሲመዘን ይወድቃል። ልጁ ሰንጠረዡን እንደ ዘፈን ይለዋል፤ ውሃ ሲጠማው ግን ሰንጠረዡ አይመጣለትም። ስለ ፍሬ ያውቃል፣ ፍሬ አይበላም። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክረውም።

ይሁን እንጂ ዝም ብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። ከአዋቂው ብዙ ላቲን አይጠይቅም፤ መልሱ መጽሐፉ ጀርባ ላይ አለ። ግቡ ማንበብ ለሆነ፣ 11 እና 12 ዓመት ለሞላው ልጅ አሁንም ቀጥተኛ መንገድ ነው። የሚያወራ ልጅም ኋላ ላይ ሰንጠረዡን ሲያይ "እ! ለካ ይሄ ነው" ይላል። ሲቀድም ነው የሚያስቸግረው።

## ሁለተኛው መንገድ፦ ላቲን ብቻ

የዚህ ዝነኛ ምስክር ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ደ ሞንቴኝ ነው። የተወለደው በ1533 ነው። አባቱ ፈረንሳይኛ የማይችል ጀርመናዊ አስተማሪ ቀጠሩለትና ልጁ በላቲን ብቻ አፉን ፈታ። እናት፣ አባትና የቤት ሠራተኞች ከእሱ ጋር የሚያወሩት በለቃቀሟት ላቲን ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት እስኪያልፈው ፈረንሳይኛ አልገባውም።

ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ሁለተኛውን ክፍል አይነግሯችሁም። ልጁ ቦርዶ ያለ ትምህርት ቤት ሲገባ ላቲኑ ወዲያው መበላሸት ጀመረ፤ ይህን የጻፈው ራሱ ነው። ሲያድግም መናገሩን ተወው። ሆኖም ሲደነግጥ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው ላቲን እንደነበር ይናገራል። በአምስተኛው መለኪያ ሲመዘን የተደባለቀ ውጤት ነው፤ ሥሩ ይተርፋል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል።

በትምህርት ቤት ደረጃም ተሞክሯል። ካምብሪጅ ባለው የፐርስ ትምህርት ቤት ከ1902 እስከ 1928 ርዕሰ መምህር የነበረው ዊሊያም ራውዝ ላቲንን በላቲን ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹም ያወሩ ነበር። ግን ራውዝ ራሱ ላቲን የሚፈሰው ሰው ነበር። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ከልጆቼ ጋር ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። የማውቀው ላቲን ሲያልቅ ዝም እላለሁ፣ ልጆቹም ዝም ይላሉ። በቀን አርባ ጊዜ ኲድ ኤስት ሆክ እላለሁ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" ቋንቋ እናስገባ ብለን ወሬ አጠፋን።

ሌላም ችግር አለ። በር በጣት ይታያል። ድመት በጣት ትታያለች። "ምናልባት" ግን በጣት አይታይም። "ስለዚህ"፣ "ገና"፣ "ቢሆንም" በየትኛው ምልክት ይገለጣሉ? አሥር ደቂቃ ከመወራጨት አንዲት የአማርኛ ቃል ሹክ ማለት ይሻላል።

አቀላጥፎ የሚያወራ አዋቂ ቤት ውስጥ ካለ ይህን መንገድ የሚያህል የለም። ከሌለ ግን አትድከሙ።

## ሦስተኛው መንገድ፦ በትእዛዝና በእንቅስቃሴ

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው። አዋቂው ያዛል፣ ልጁ በአካሉ ይመልሳል። ሱርጌ፣ ተነስ። ሴዴ፣ ተቀመጥ። ታንጌ ናሱም፣ አፍንጫህን ንካ። ክላውዴ ያኑአም፣ በሩን ዝጋ። ኩሬ፣ ሩጥ። ይህቺን "ሬ" አጥብቋት፤ ካላላችኋት ልጁ እየሮጠ ኩሬ ይፈልጋል።

አማርኛ ተነስ፣ ተነሺ፣ ተነሱ ብሎ ሦስት ያደርጋል። ላቲን ሁለት ይበቃዋል፤ ለአንድ ሱርጌ፣ ለብዙ ሱርጊቴ። ወንድና ሴት አይለይም። ልጆች ይህን በአንድ ጨዋታ ይይዙታል።

ጥንካሬው ግልጽ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ላቲን ይገባቸዋል፤ የሚያስፈልገው ላቲን አንድ ገጽ አይሞላም። ድክመቱም ግልጽ ነው። ልጁ ወታደር ይሆናል፤ ይሰማል፣ አይናገርም። ለዚህ የማውቀው መፍትሔ ሥልጣኑን ማስረከብ ነው። በሦስተኛው ቀን አዛዡ ልጁ ይሁን። እናቱን ስድስት ጊዜ የሚያስነሳና የሚያስቀምጥ ልጅ ሱርጌን መቼም አይረሳም።

ጣሪያው ግን ዝቅ ያለ ነው። ትናንት የሆነውን በትእዛዝ መንገር አይቻልም። ሁለት ወር ካገለገለ በቂ ነው።

## አራተኛው መንገድ፦ ሳንድዊች

ሲ. ጄ. ዶድሰን የተባለ ተመራማሪ በ1967 ባሳተመው ሥራ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ከክፍል ማባረር ስህተት ነው ብሎ ተከራከረ። ዓረፍተ ነገሩን በአዲሱ ቋንቋ ተናገር፣ ትርጉሙን ወዲያው በልጁ ቋንቋ ስጥ፣ ከዚያ ልጁ በአዲሱ ቋንቋ ይድገመው። በኋላ ሰዎች ሳንድዊች ያሉት ይህን ነው። ላቲን፣ አማርኛ፣ ላቲን።

በቤት እንዲህ ይመስላል። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ነው። "ዳ ሚሂ አኳም" ትላላችሁ ጮክ ብላችሁ። ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ "ውሃ ስጠኝ"። ከዚያ መልሳችሁ ጮክ ብላችሁ "ዳ ሚሂ አኳም!" በሦስተኛው ቀን አማርኛዋን ጣሏት። ልጁ ከተደናገረ ብቻ መልሷት።

ሁለት ሕግ አለው። የመጀመሪያው፣ የምትሰጡት የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ እንጂ የየቃሉን ፍቺ አይሁን። "ዳ ስጥ፣ ሚሂ ለእኔ" ማለት ከጀመራችሁ ወደ ሰንጠረዡ ተመልሳችኋል። ልጁ ራሱ "ሚሂ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ክፈቱለት። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የላቲን ይሁን። አማርኛው መጨረሻ ላይ ከዋለ ልጁ ላቲኑን መስማት ይተዋል፤ ትርጉሙ እንደሚመጣ ያውቃላ።

ሐሳቡ ከዶድሰን በፊትም ሥር አለው። የሞራቪያው መምህር ኮሜኒየስ በ1658 ባሳተመው የልጆች የሥዕል መጽሐፍ 150 ያህል ሥዕሎች አሉ። በየሥዕሉ ያሉ ነገሮች ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በአንድ በኩል ላቲን፣ በሌላ በኩል የልጁ ቋንቋ ተጽፏል። ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ያልታወቀ ነገር እንዲማር ማድረግ ለእሱ ግፍ ነበር። ሐሳቡን ለቤት ለማዋል መጽሐፉን መግዛት አያስፈልግም። የወጥ ቤት ሥዕል ስላችሁ ቁጥር ስጡት።

የአማርኛና የላቲን ትውውቅ ራሱ ሩቅ ነው። ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ-ላቲን መዝገበ ቃላት በ1698 ፍራንክፈርት ላይ አሳትሟል። ለልጅ ግን አይሆንም። ላቲን የሚያውቅ አውሮፓዊ አማርኛ እንዲማርበት ነው የተጻፈው፤ መንገዱ ወደዚህ ነው፣ የኛ ደግሞ ወደዚያ።

የሳንድዊች ድክመት የአዋቂው ስንፍና ነው። አማርኛዋ ምርኩዝ መሆኗ ቀርቶ ወንበር ስትሆን ታዩታላችሁ። እኔ ቀን እቆርጥላታለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ሳምንት በላይ አማርኛ ካስፈለገው ወይ ከብዷል ወይ አልተፈለገም፤ ይጣል።

## አምስተኛው መንገድ፦ የተደባለቀ ተረት

ተረቱን በአማርኛ እያወሩ የላቲን ቃል ጣል ጣል ማድረግ ነው። "ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሉፑስ ነበረ። ሉፑሱ በጣም ራበው።" ሉፑስ ተኩላ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ልጁ ይገባዋል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ ከዚህ የሚጥም የለም፤ ወጪውም ምንም ነው።

ግን አንድ የተደበቀ ጉዳት አለው። "አዳኙ ሉፑሱን አየው" ስትሉ የላቲኑን ቃል በአማርኛ ቅጥያ አለበሳችሁት። በላቲን ተኩላ ሲታይ ሉፑም ነው። ልጁ ሉፑስን የማይንቀሳቀስ ቃል አድርጎ ይይዘዋል፤ ያ ልማድ ኋላ ለመንቀል ይቸግራል።

እኔ ያሻሻልኩት ይህን ነው። ተራኪው አማርኛ ይናገር፣ ተኩላው ላቲን ይናገር። ሙሉ ዓረፍተ ነገር። "ተኩላው በሩን አንኳኳና፣ ኤሱሪዮ! አፔሪቴ ያኑአም! አለ።" "ርቦኛል! በሩን ክፈቱ!" ማለቱ እንደሆነ ከሁኔታው ይገባቸዋል። በጎቹ ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ኖን አፔሪሙስ፣ "አንከፍትም"። ሳይታወቃቸው የብዙ ቁጥር ግስ ተናገሩ።

## ስድስተኛው መንገድ፦ አፕና የስክሪን መምህር

አፑን ባጭሩ። በኪስ ስልክ ላይ ያለው የላቲን ትምህርት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በኩል የሚሄድ ነው። ጽሑፍ መምረጥና መነካካት ይበዛዋል፤ አፍ አያስከፍትም። እንግሊዝኛ በደንብ ለሚያነብ የ11 ዓመት ልጅ ለቃላት ልምምድ ይሆናል። ከዚያ በታች ላለ ሞግዚት እንጂ መምህር አይሆንም።

መምህሩ ሌላ ነገር ነው። ልጁን የሚያርም ሕያው ሰው ማግኘት በራሱ ዋጋ አለው። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በላቲን ያወራል ወይስ ስለ ላቲን ያወራል? አንድ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ላይ ተቀምጣችሁ ልጁ ስንት ጊዜ አፉን እንደከፈተ ቁጠሩ። ልጁ ሲደናገር በየትኛው ቋንቋ ይረዳዋል? የትኛውን አነባበብ ይጠቀማል? በአማርኛ የሚያስረዳ መምህር ካላገኛችሁ እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አማርኛዋን ሹክ ማለት ትችላላችሁ። ይሄ ራሱ ሳንድዊች ነው፤ ዳቦውን መምህሩ ያመጣል።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | ልጁ መቼ ይናገራል | ከአዋቂው የሚፈለግ ላቲን | ትርጉም የሚደርስበት | እርማት | ሲቋረጥ የሚተርፍ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሰንጠረዥ ማጥናት | ዘግይቶ | ትንሽ | በአፍ መፍቻ ወይም በእንግሊዝኛ | ከመጽሐፉ | የሰንጠረዡ ዜማ | አንድ መጽሐፍ |
| ላቲን ብቻ | ከሁሉ ቀድሞ፣ አዋቂው ከቻለ | እጅግ ብዙ | ከሁኔታው | ከአዋቂው፣ ወዲያው | ጆሮና ሥር | ሰው ከተቀጠረ ከፍተኛ |
| በትእዛዝ | አዛዡ ልጁ ሲሆን | አንድ ገጽ | በእንቅስቃሴ | ራሱ ድርጊቱ | ትእዛዞቹ በሙሉ | የለም |
| ሳንድዊች | በመጀመሪያው ሳምንት | አንድ ገጽ መቅደም | በአፍ መፍቻ | በአዋቂውና በድምፅ ቅጂ | የየቀኑ ዓረፍተ ነገሮች | ትንሽ፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል |
| የተደባለቀ ተረት | ገጸ ባሕርይ ሲሆን | ትንሽ | ከተረቱ | ደካማ | ቃላትና ፍቅር | የለም |
| አፕ | አይናገርም ማለት ይቻላል | ምንም | በአብዛኛው በእንግሊዝኛ | ከማሽኑ | የተበታተኑ ቃላት | ከነፃ እስከ መካከለኛ |
| የስክሪን መምህር | እንደ መምህሩ | ምንም | እንደ መምህሩ | ጠንካራ | መካከለኛ | ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው?

ላቲን ጨርሶ የማታውቁ፣ ልጃችሁ ከሰባት ዓመት በታች የሆነ። በትእዛዝ ጀምሩ። ማታ ማታ ላቲን የሚናገር ተኩላ ጨምሩ። ገንዘብ አታውጡ። ሁለት ወር ሲሞላ ወደ ሳንድዊች እለፉ፤ እስከዚያ እናንተም አንድ ገጽ ትቀድማላችሁ።

ልጃችሁ ከሰባት እስከ አሥር ከሆነ በቀጥታ ሳንድዊች። በመጀመሪያ የምታስይዙት ግን የቀለማትና የእንስሳት ስም አይሁን። ወሬ የሚያስቀጥሉ ዓረፍተ ነገሮች ይሁኑ። ኔስኪዮ፣ አላውቅም። ኖን ኢንቴሌጎ፣ አልገባኝም። ኢቴሩም፣ እንደገና። ኰሞዶ ዲኪቱር ላቲኔ፣ በላቲን እንዴት ይባላል? በነዚህ አራት ልጁ ሲጎድለው በላቲን ይጠይቃችኋል። እናንተም ካላወቃችሁ ኔስኪዮ በሉ፤ አያሳፍርም።

ልጁ ከ11 በላይ ከሆነና "ለምን?" የሚል ዓይነት ከሆነ ሳንድዊቹ ላይ ሰንጠረዥ ጨምሩለት፤ ግን ከሚናገረው ዓረፍተ ነገር ተነስታችሁ። ካኔም አለ፣ ካኒስ አለ፤ ለምን? መልሱን በ"ን" አሳዩት። ከዚህ ዕድሜ በኋላ ሙሉ በሙሉ በላቲን የተጻፈ መጽሐፍም ይቻላል፤ ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ኧርበርግ ያዘጋጀው 35 ምዕራፍ አለው፣ አንድም የትርጉም ቃል የለውም። ብቻውን ለትንሽ ልጅ ይከብዳል።

ገንዘብ ካላችሁና ጊዜ ከሌላችሁ መምህር ቅጠሩ፤ በሳምንት ከአንድ ረጅም ክፍለ ጊዜ ሁለት አጭር ይሻላል። ጊዜም ገንዘብም ካነሰ አንድ የቀኑን ሰዓት ብቻ ለላቲን ስጡ። ጥርስ መቦረሽ ወይም ጫማ ማሰር። በየቀኑ ያቺው አምስት ዓረፍተ ነገር። የቤቱን ሁሉ ቋንቋ ለመቀየር ተነስቶ በሳምንቱ ከመተው ይሻላል።

ልጁ "ለምን ይጠቅመኛል?" ካለ ቪዲዮ ላይ ጠቁሙት። ዊዴኦ በላቲን "አያለሁ" ነው። ኦዲዮ "እሰማለሁ"፣ ቦነስ "ጥሩ"፣ አጀንዳ "ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች"። ሳያውቀው ሲያወራው ከርሟል።

## አንድ የቀረ ምርጫ፦ አነባበብ

ሁለት አሉ። በጥንታዊው አነባበብ ኪኬሮ የሚባለው ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አነባበብ ቺቼሮ ነው። ካይሳር ቼሳር ይሆናል፣ ሳልዌ ሳልቬ። (የኛ "ቄሳር" በግሪክኛ በኩል ስለመጣ ጠንካራውን ድምፅ እንደያዘ ቀርቷል፤ ለጥንታዊው ነው የሚቀርበው።) አማርኛ ች፣ ጅና ኝ ስላለው የቤተ ክርስቲያኑ አያስቸግርም። ልጁ የላቲን መዝሙር የሚዘምር ከሆነ እሱን ያዙ። አለዚያ ጥንታዊውን እመርጣለሁ። አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ስላለው ፊደል የቆጠረ ልጅ ቶሎ ያነበዋል።

የትኛውንም ምረጡ፣ የምታሰሙት ቅጂና መምህሩ ግን አንድ ይሁኑ። እኔ ይህን ሳላስተውል አንዱን ሳምንት ኪኬሮ፣ ሌላውን ሳምንት ቺቼሮ የሚል ቅጂ አሰማሁ። ልጄ ወንድማማች ናቸው ብላ ደመደመች፤ ታላቁ የቱ እንደሆነ እስካሁን ትጠይቀኛለች።